በዕድሜ የሚለያዩ ወንድምና እህቶችን በአንድ ካሪኩለም ቤት ውስጥ ለማስተማር የሚረዳ የአሠራር መመሪያ

በዩናይትድ ስቴትስ ልጆቻቸውን ቤት ውስጥ ለማስተማር የሚወስኑ ሐበሻ ወላጆች በመጀመሪያው ዓመት ከሁሉ በላይ የሚያጥራቸው ሰዓት ነው። የ6፣ የ8 እና የ11 ዓመት ልጆች ያሏት እናት ለእያንዳንዱ ልጅ ለብቻው ሒሳብ፣ ንባብ፣ ጽሕፈት፣ ሳይንስ፣ ታሪክና አማርኛ ላስተምር ብትል በቀን 18 የተለያዩ ትምህርቶች ማዘጋጀት፣ ማስተማርና ማረም ይጠበቅባታል፤ ምሳ ሠርታ፣ ልብስ አጥባ፣ አንዳንዷም የማታ ፈረቃ ገብታ ይህን ሁሉ ልትወጣው አትችልም። ስለዚህ ልጆቹን አንድ ላይ አስቀምጦ ማስተማር ለብዙ ቤተሰብ የግድ ይሆናል። ጥያቄው የትኛው ትምህርት፣ በማን ደረጃና እስከ መቼ በጋራ ይሰጥ የሚለው ነው።

ይህ መመሪያ የሚነሣው ደረጃ የሚወጣለት ትምህርቱ እንጂ ልጁ አይደለም ከሚል አቋም ነው። አንድ ልጅ በሒሳብ የ4ኛ ክፍል፣ በንባብ የ2ኛ ክፍል፣ በአማርኛ ደግሞ የጀማሪ ደረጃ ላይ ሊሆን ይችላል፤ ይህን ሁሉ ጠቅልሎ «3ኛ ክፍል ነው» ማለት ለትምህርት ቤት አስተዳደር ቢመችም ቤት ውስጥ ለሚያስተምር ወላጅ ብዙ አይጠቅመውም። ነገሩ ለእኛ እንግዳ አይደለም። በየኔታ ዘንድ ፊደል የሚቆጥረው፣ መልእክተ ዮሐንስ የሚያነበውና ዳዊት የሚደግመው ተማሪ በአንድ ጥላ ሥር ተቀምጠው እያንዳንዱ የየራሱን ይማር ነበር፤ ወደሚቀጥለው የሚያሻግረውም የያዘውን መጨረሱ እንጂ ዕድሜው አልነበረም።

በቅድሚያ የሕግ ጉዳይ

ልጅን ቤት ውስጥ ማስተማር በ50ዎቹም ስቴቶች የተፈቀደ ነው፤ ግዴታው ግን ከስቴት ስቴት ይለያያል። በቨርጂኒያ ወላጁ እስከ ኦገስት 15 ድረስ ሐሳቡንና በዓመቱ የሚያስተምራቸውን ትምህርቶች ዝርዝር ለትምህርት ዲስትሪክቱ የበላይ ኃላፊ በጽሑፍ ያስታውቃል፤ ዓመቱ ካለቀ በኋላም እስከ ኦገስት 1 የልጁን መሻሻል የሚያሳይ ማስረጃ ያቀርባል። በሜሪላንድ ማስታወቂያው ትምህርቱ ከመጀመሩ ቢያንስ 15 ቀን በፊት መድረስ አለበት፤ እንግሊዝኛ፣ ሒሳብ፣ ሳይንስ፣ ማኅበራዊ ሳይንስ፣ ሥነ ጥበብ፣ ሙዚቃ፣ ጤናና ስፖርት በመደበኛነት ይሰጣሉ፤ የልጁ ሥራ የተሰበሰበበት ፖርትፎሊዮም በትምህርት ዘመኑ እስከ ሦስት ጊዜ ሊታይ ይችላል። በቴክሳስ በአንጻሩ ከመጀመሪያው ቤት ውስጥ ለሚማር ልጅ አስቀድሞ ማስታወቅ አይጠየቅም፤ ንባብ፣ ስፔሊንግ፣ ሰዋስው፣ ሒሳብና ጥሩ ዜግነት መማሩ ይበቃል። እነዚህ ሕጎች ወንድምና እህት በአንድ መጽሐፍ እንዳይማሩ አይከለክሉም፤ ነገር ግን መረጃ የሚጠይቁ ስቴቶች የሚጠይቁት በየልጁ ስም ነው፣ ይህም ከታች ስለ መዝገብ ሲነሣ ይታሰብ። ሕግ ስለሚሻሻል ቅጹን ከመሙላትዎ በፊት የዲስትሪክትዎን የወቅቱን መመሪያ ያንብቡ።

ከአሜሪካ ውጭ ያለ አንባቢ ግን ከዚህ በላይ ይጠንቀቅ። ጀርመን ልጆች በአካል ትምህርት ቤት እንዲገኙ ስለምታስገድድ ቤት ውስጥ ማስተማር እጅግ ጥቂት ከሆኑ ሁኔታዎች በቀር አይፈቀድም፤ ስዊድንም በ2010 ባወጣችው የትምህርት ሕግ ለየት ያለ ምክንያት ለሌለው ቤተሰብ በሩን ዘግታለች፤ በእስራኤል ደግሞ የትምህርት ሚኒስቴር ፈቃድ ያስፈልጋል። በእነዚህ አገሮች የሚኖር ወላጅ ይህን መመሪያ ከትምህርት ቤት መልስና በዕረፍት ቀን ለሚሰጥ ትምህርት ሊጠቀምበት ይችላል።

1. እያንዳንዱ ልጅ የት እንዳለ ይወቁ

መጽሐፍ ከመግዛትዎ በፊት ልጆቹን አንድ በአንድ ይፈትሹ። ለሒሳብ አብዛኞቹ የካሪኩለም አሳታሚዎች የደረጃ መለያ ፈተና በድረ ገጻቸው ላይ በነፃ ያስቀምጣሉ፤ ለልጁ ክፍል የተዘጋጀውን ብቻ ሳይሆን አንድ ደረጃ ዝቅ ያለውንም ያሠሩት፣ ክፍተት ብዙ ጊዜ የሚገኘው እዚያ ነውና። ለንባብ ሊገዙት ካሰቡት መጽሐፍ መካከል አንድ ገጽ ጮክ ብሎ እንዲያነብልዎ ያድርጉ፤ በገጹ ላይ አምስት ወይም ከዚያ በላይ ቃላት ላይ ከተደናቀፈ መጽሐፉ ብቻውን ሊያነበው የሚችለው አይደለም። ካነበበ በኋላ ምን እንዳነበበ በራሱ አነጋገር ይንገርዎ፤ አጥርቶ እያነበበ ያነበበውን የማይዝ ልጅ አለ፣ እየተንተባተበ ቁም ነገሩን የሚጨብጥም አለ፤ ለሁለቱ የሚመረጠው መጽሐፍ አንድ ዓይነት አይሆንም።

ፈተናውን ልጆቹ በተለያየ ሰዓት ይውሰዱት፤ ውጤቱም አንዱ የሌላውን እንዳያውቅ ይደረግ። በእኛ ቤት የአንዱን ልጅ ውጤት ለሌላው ማብጠልጠያ የማድረግ ልማድ ስላለ፣ ገና ሳይጀመር «ታናሽህ በልጦሃል» የሚል ቃል ከተሰማ አብሮ መማሩ ከመጀመሪያው ቀን ይበላሻል።

በመጽሐፍ ሽፋን ላይ የታተመውን የክፍል ቁጥርም ከቁም ነገር አይቁጠሩት። የአንዱ አሳታሚ የ3ኛ ክፍል ሒሳብ የሌላው 4ኛ ክፍል ሆኖ ይገኛል፤ ቁጥሩ ልጁን የሚያሳፍረው ከሆነ ሽፋኑን በወረቀት መሸፈን ያስኬዳል።

2. ትምህርቶቹን በሁለት ይክፈሉ

ሥራው ሁሉ የተመሠረተበት ደረጃ ይህ ነው። የትምህርቶችዎን ዝርዝር ይውሰዱና ስለ እያንዳንዱ አንድ ጥያቄ ይጠይቁ፦ የዛሬውን ለመረዳት የትናንቱን ማወቅ ግድ ነው ወይ?

ሒሳብ የድንጋይ ካብ ነው፤ ከሥር አንዱ ከጎደለ ከላይ ያለው ይናዳል። ማባዛት ያልያዘ ልጅ ማካፈል አይገባውም፣ ማካፈል ያልገባው ልጅ ክፍልፋይ ላይ ይቆማል። ፊደል አገጣጥሞ ማንበብና አረፍተ ነገር መሥራትም እንዲሁ ናቸው። እነዚህ ለእያንዳንዱ ልጅ በራሱ ደረጃ፣ በራሱ መጽሐፍ ይሰጣሉ።

ታሪክ፣ ጂኦግራፊ፣ ሳይንስ፣ ሥነ ጥበብ፣ ሙዚቃ፣ የሃይማኖት ትምህርትና ጮክ ብሎ የሚነበብ መጽሐፍ ግን እንዲህ አይደሉም። የጥንቷን ግብፅ ለመማር መስጴጦምያን ቀድሞ መጨረስ አያስፈልግም፤ ስለ አክሱም የሰማ የ6 ዓመት ልጅ ስለ ሮም ባይሰማ የሚቀርበት የለም። ስለዚህ እነዚህን ሁሉም ልጆች አንድ ላይ ይማሩ። ቤተሰቡ በዙር ቢሄድ ደግሞ ይበልጥ ይመቻል፦ ታሪክን በአራት ዓመት ጥንታዊው ዘመን፣ መካከለኛው ዘመን፣ የቅድመ ዘመናዊው ጊዜና ዘመናዊው ጊዜ እያሉ ከፋፍሎ ጨርሶ እንደገና ከመጀመሪያ መጀመር ብዙዎች የሚከተሉት አሠራር ነው። ሳይንስንም ሕይወት ያላቸው ነገሮች፣ ምድርና ጠፈር፣ ኬሚስትሪና ፊዚክስ በሚል መክፈል ይቻላል። በዚህ አካሄድ ታናሹ ከዙሩ መካከል ቢገባም ምንም አያመልጠውም፤ በ7 ዓመቱ በተረት መልክ የሰማውን በ11 ዓመቱ በመረጃ፣ በ15 ዓመቱ በክርክር ይማረዋል።

አማርኛ ለብቻው ሊታይ ይገባል። በመርሕ ደረጃ እንደ ንባብ ሁሉ ተደራራቢ ትምህርት ስለሆነ በየልጁ መለየት ነበረበት፤ ውጭ አገር የተወለዱ ልጆች ግን የ11 ዓመቱም የ6 ዓመቷም ፊደል ያልቆጠሩ ሆነው ስለሚገኙ፣ ከሁሉም ትምህርት ይልቅ በእውነት አንድ ደረጃ ላይ የሚሆኑት በዚህ ነው። ሁሉንም በአንድ ላይ ከ«ሀ» ይጀምሩ። 33ቱን ፊደላት በየሰባት ድምፃቸው፣ 231ዱን ሁሉ በአንድ ጊዜ ከማስሸምደድ ይልቅ በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ረድፍ እየያዙ ወዲያው ቃል መመሥረቱ የተሻለ ነው። ልዩነት የሚመጣው በሌላ በኩል ነው፦ ብዙ ጊዜ የበኩር ልጅ አማርኛ ይሰማል፣ ይናገራልም፤ ታናናሾቹ ግን እርስ በርሳቸው በእንግሊዝኛ እያወሩ ስለሚያድጉ ቃላት ያጥራቸዋል። ስለዚህ ታላቁ ያነበበውን ቃል ትርጉም ለታናሾቹ ይናገር፤ እነርሱ ደግሞ ፊደሉን በመለየት ይሽቀዳደሙ።

3. የጋራውን ደረጃ ይምረጡ

በጋራ የሚሰጠው ትምህርት በማን ልክ ይሁን ለሚለው ብዙ ወላጆች ፈጥነው የሚሰጡት መልስ «በታናሹ» ወይም «በመካከለኛው» የሚል ነው። እኔ የምመክረው በታላቁ ልክ፣ ወይም ከእርሱ ጥቂት ዝቅ ብሎ እንዲሆን ነው። ምክንያቱም ልጆች በአንደኛ ደረጃ ዕድሜ በጆሮ ሰምተው የሚረዱት በዓይን አንብበው ከሚረዱት እጅግ ይበልጣል፤ ብቻዋን ልታነበው የማትችለውን ጽሑፍ የ7 ዓመት ልጅ ሲነበብላት ትከታተለዋለች፤ ያልገባት ክፍል ቢኖር በሚቀጥለው ዙር ይመለስላታል። ታላቁ ልጅ ግን በ2ኛ ክፍል መጽሐፍ አንድ ዓመት ቢያሳልፍ ያ ዓመት ባክኖ ይቀራል። ለታናሹ የሚቀነስለት የሚጠየቀው ሥራ እንጂ የሚሰማው ነገር አይደለም።

ይህ የሚሠራው በታላቁና በታናሹ መካከል ያለው ልዩነት ቢበዛ አምስት ዓመት ያህል ሲሆን ነው። ከዚያ ሲሰፋ፣ ለምሳሌ 13፣ 11፣ 6 እና 5 ሲሆኑ፣ በሁለት ቡድን ይክፈሏቸውና ሁለቱንም ቡድን አንድ ርዕስ ላይ ያቆዩ፤ ትልልቆቹ ስለ መካከለኛው ዘመን ሲያነቡ ትንንሾቹም ስለዚያው ዘመን በሥዕል መጽሐፍ ይማሩ፣ የማታ ወሬያቸው አንድ እንዲሆን። ከ5 ዓመት በታች ያለ ሕፃን ግን ተማሪ ተብሎ አይቆጠር፤ ሲፈልግ ይስማ፣ ሲሰለቸው ይሂድ።

በአንድ ዓመት ወይም በአንድ ዓመት ተኩል የሚበላለጡ ልጆች ላይ ደግሞ ከዚህ የተለየ ነገር ማድረግ ይቻላል። የመለያ ፈተናው ሁለቱንም በአንድ መጽሐፍ ውስጥ፣ ቢበዛ የግማሽ መጽሐፍ ልዩነት ባለው ቦታ ላይ ካስቀመጣቸው፣ ሒሳብንም ጨምሮ ሁሉንም አብረው ሊማሩ ይችላሉ። ይህ ለወላጅ ትልቅ እፎይታ ነው፤ መዘዙ ግን በቁጥር 6 ላይ ተጽፏል፣ ሳያነቡት አይወስኑ።

ስለ ግዢ አንድ ሁለት ነገር፦ ለጋራው ትምህርት አንድ የመምህር መጽሐፍና አንድ የንባብ መጽሐፍ ይበቃል። የሚጻፍበትን ወርክቡክ በተመለከተ አንዳንድ አሳታሚዎች ለአንድ ቤተሰብ ልጆች ፎቶ ኮፒ ማድረግን ይፈቅዳሉ፣ አንዳንዶቹ ይከለክላሉ፤ ፈቃዱ በመጀመሪያዎቹ ገጾች ላይ ስለሚታተም ከመግዛትዎ በፊት ያንብቡት። ተጨማሪ የንባብ መጻሕፍትን ከሕዝብ ላይብረሪ መዋስ እንጂ መግዛት አያስፈልግም። በዋሽንግተን አካባቢ ለሚኖሩ የስሚዝሶኒያን ሙዚየሞች መግቢያቸው ነፃ ስለሆነ የሳይንሱና የታሪኩ ግማሽ ሥራ እዚያ ሊሠራ ይችላል።

4. አንዱን ትምህርት ለሦስት ልጅ ያዘጋጁ

አሠራሩን ለማሳየት የዓባይን ወንዝ ትምህርት እንውሰድ፤ ጂኦግራፊ፣ ሳይንስ፣ ታሪክና ሒሳብ በአንድ ላይ ስለሚገኙበት ለጅምር የሚስማማ ርዕስ ነው። ልጆቹ የ6፣ የ8 እና የ11 ዓመት ናቸው እንበል።

መጀመሪያ ሁሉም በተቀመጡበት ለ15 ወይም ለ20 ደቂቃ ጮክ ብለው ያንብቡ ወይም ይተርኩ፦ ጥቁር ዓባይ ከጣና ሐይቅ ወጥቶ፣ ጢስ ዓባይ ላይ ተወርውሮ፣ በጥልቁ ሸለቆ ዞሮ ወደ ሱዳን እንደሚገባ፣ ካርቱም ላይ ከነጭ ዓባይ እንደሚገናኝ፣ ከዚያም ተያይዘው በግብፅ በኩል ሜድትራኒያን ባሕር እንደሚደርሱ። ሲያነቡ ትንንሾቹ እጃቸው ሥራ ይያዝ፤ ከለር ወይም ጭቃ የያዘ ልጅ ባዶ እጁን ከተቀመጠው የበለጠ ይሰማል።

ቀጥሎ የሰሙትን መልሰው ይንገሩ፤ ተራውም ሁልጊዜ ከታናሽ ወደ ታላቅ ይሁን። የ11 ዓመቱ ቀድሞ ከተናገረ ለሌሎቹ የሚተርፍ ነገር ስለማይኖር ትንሿ «እኔም እንደ እሱ» ብላ ዝም ትላለች። እርሷ ከጀመረች ግን «ውሃው ከሐይቅ ይወጣል» የሚለው አንድ ዓረፍተ ነገር ራሱ መልስ ነው፤ መካከለኛው ይጨምርበታል፣ ታላቁ ደግሞ የተዘለለውን ፈልጎ ለመናገር ስለሚገደድ ይበልጥ ያስባል።

ከዚያ ለሦስቱም አንድ ዓይነት ባዶ ካርታ ይስጡና የተለያየ ሥራ ይዘዙ። የ6 ዓመቷ ወንዙን በሰማያዊ ቀለም ትከተላለች፤ ጣና፣ ካርቱምና ባሕሩን ታመለክታለች፤ በእንግሊዝኛም በአማርኛም አንድ ቃል ትጽፋለች። የ8 ዓመቱ ወንዙ የሚያልፍባቸውን አገሮች ስም ይጽፋል፤ ክረምት ሲመጣ ውሃው ለምን ደፍርሶ እንደሚሞላ በአምስት ዓረፍተ ነገር ያብራራል። የ11 ዓመቱ ቁጥር ይሰጠዋል፦ ጣና ከባሕር ጠለል በላይ 1,788 ሜትር ያህል፣ ካርቱም 380 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ይገኛሉ፣ በሁለቱ መካከል ወንዙ 1,450 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል፤ በአንድ ኪሎ ሜትር በአማካይ ስንት ሜትር ይወርዳል? መልሱ አንድ ሜትር ገደማ ነው። ወዲያው «ታዲያ በየቦታው እኩል ይወርዳል?» ብለው ይጠይቁት፤ ፏፏቴውንና ሸለቆውን አስታውሶ አማካይ ማለት ምን እንደሆነ በራሱ ይደርስበታል፣ ይህን ደግሞ የትኛውም ወርክቡክ እንዲህ አያስተምረውም። ጊዜ ከተረፈ ጉባ ላይ ስለተሠራው የሕዳሴ ግድብ፣ በመጋቢት 2003 ዓ.ም. ተጀምሮ በጳጉሜን 2017 ዓ.ም. ስለመመረቁ አንድ ገጽ ይጻፍ፤ ሁለቱን ቀኖች ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር መመለሱም ራሱን የቻለ የሒሳብ ልምምድ ነው።

እንዲህ ያለው ዝግጅት ለወላጁ የሚጠይቀው አንድ ንባብ፣ አንድ ካርታና ሦስት የሥራ ትዕዛዝ ብቻ ነው። በየትኛውም ርዕስ ላይ ሥራው ሲታዘዝ ታናሹ የሚያሳየውንና የሚጠራውን፣ መካከለኛው የሚያብራራውን፣ ታላቁ የሚያሰላውን ወይም የሚያወዳድረውን መጠየቅ በቂ ነው። አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ታላቁ «ከእነሱ እጥፍ ገጽ» እየተባለ ብዛት ብቻ የተጨመረበት እንደሆነ ቅጣት ይመስለዋል፤ የሚጨመርለት ክብደት ይሁን።

5. ቀኑን ያደራጁ

የተናጠሉ ትምህርቶች ጠዋት፣ የጋራው ረፋዱ ላይ ቢሆን ይመረጣል። ለምሳሌ ከ2፡30 ጀምሮ ለታናሿ 20 ደቂቃ ሒሳብና ንባብ ይስጡ፤ እርሷ ቶሎ ስለምትደክም ቀድማ ትውጣ። በዚህ ጊዜ ታላቁ ትናንት የተገለጸለትን ሒሳብ ብቻውን ይሠራል፤ መካከለኛው ጽሕፈቱን ይይዛል። ቀጥሎ መካከለኛው፣ ከዚያ ታላቁ እየመጡ ከ25 እስከ 30 ደቂቃ ከእርስዎ ጋር ይቀመጡ። 4፡30 ላይ ሁሉም ተሰብስበው አንድ ሰዓት የጋራውን ትምህርት ይማሩ፤ ታሪክ ሰኞና ረቡዕ፣ ሳይንስ ማክሰኞና ሐሙስ ቢሆን ዓርብ ለአማርኛ ንባብ፣ ለላይብረሪና ያልተጨረሰውን ለመጨረስ ይተርፋል። ፊደሉ ግን በየቀኑ 10 ደቂቃ ያስፈልገዋል፤ በሳምንት አንዴ የሚነካ ፊደል አይያዝም። የማታ ፈረቃ የሚሠራ ወላጅ ሰዓቱን እንደ ሁኔታው ያሸጋሽገው፤ ቅደም ተከተሉን ግን ቢጠብቅ ይጠቅመዋል።

ታላቁ ታናሹን ማስተማሩም ሊታሰብበት ይገባል። በአብነት ትምህርት ቤት የገፋው ተማሪ ጀማሪውን ያስቆጥራል፤ የኔታም ሁሉን በራሳቸው አፍ አያስተምሩም። ይህ ልማድ ለቤትም ይሠራል፦ የ11 ዓመቱ ለታናሿ 10 ወይም 15 ደቂቃ ተረት ቢያነብላት ወይም ማባዛት ቢጠይቃት ሁለቱም ይጠቀማሉ። ልክ ይኑረው እንጂ። በተለይ የበኩር ልጅ ሴት ስትሆን ምግቡም፣ ሕፃኑም፣ አሁን ደግሞ ትምህርቱም በእርሷ ላይ የመጫን አዝማሚያ አለ፤ የራሷ ሒሳብ ሳያልቅ ለሌላው አትታዘዝ። ደብተር ማረምና ውጤት መስጠት ደግሞ ለወላጅ ብቻ የሚተው ነው፤ በወንድሙ ቀይ እስክሪብቶ የታረመ ልጅ ጠብ እንጂ ትምህርት አይወጣለትም።

6. ታናሽ ታላቁን ሲቀድም

ይህ በአንድ መጽሐፍ በሚማሩ ተቀራራቢ ልጆች ዘንድ ይዋል ይደር እንጂ የሚመጣ ነገር ነው፤ በተለይ በሒሳብ። የ8 ዓመቷ የ9 ዓመት ተኩል ወንድሟን ቀድማ መልሱን ስትጠራ፣ እርሱ ከሳምንት በኋላ «ሒሳብ አልወድም» ማለት ይጀምራል። ምልክቱን ያዩ ዕለት የጋራውን ሒሳብ ያቁሙ፤ ይለምደዋል ብሎ መጠበቅ አይበጅም።

ሲለያዩ ደግሞ በአንዱ አሳታሚ ተከታታይ መጻሕፍት ላይ አንዱን ወደ ፊት፣ ሌላውን ወደ ኋላ ከማድረግ ይልቅ ለአንደኛው የሌላ አሳታሚ መጽሐፍ ይግዙለት። ገጹ፣ ምዕራፉና የመጽሐፉ ቁጥር ስለማይመሳሰል ማን የት እንደደረሰ ማወዳደር አይችሉም። ገንዘብ የሚያስወጣ ቢሆንም ከዚህ የተሻለ ዘዴ አላየሁም። አብረው የሚቀጥሉ ከሆነም ቢያንስ መልስ በቃል መጠራቱ ይቅር፤ እያንዳንዱ በትንሽ ነጭ ሰሌዳ ላይ ጽፎ ለእርስዎ ብቻ ያሳይ።

7. ለየልጁ መዝገብ ይያዙ

ትምህርቱ የጋራ ቢሆንም ፋይሉ የየራስ ነው። ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ክላሰር ይኑር፤ በየትምህርቱ ከመጀመሪያው ወር፣ ከአጋማሹና ከመጨረሻው ቢያንስ አንድ አንድ ሥራ፣ ልጁ በራሱ እጅ የሠራው፣ ቀን ተጽፎበት ይቀመጥ። ከላይ የተገለጸው የዓባይ ካርታ ሦስት ሆኖ በሦስት ክላሰር ሲገባ፣ ለሜሪላንዱ ገምጋሚ እያንዳንዱ ልጅ በራሱ አቅም ማኅበራዊ ሳይንስ መማሩን ያሳያል። የተነበቡ መጻሕፍት ዝርዝርና የተጎበኙ ቦታዎችም ይጨመሩ፤ ሥነ ጥበብ፣ ሙዚቃና ስፖርት በወረቀት ስለማይታዩ ፎቶግራፍ ይበቃል፤ የሰንበት ትምህርት ቤት መዝሙርም ቢሆን ሙዚቃ ነው።

በቨርጂኒያ ማስረጃውን በፈተና ለማቅረብ የመረጠ ቤተሰብ አንድ ነገር ያስተውል። አገር አቀፍ መመዘኛ ፈተናው የሚለካው በልጁ ክፍል እንጂ በጋራው ካሪኩለም አይደለም፤ ሕጉ የሚጠይቀውም አጠቃላይ ውጤቱ ከዘጠኙ የውጤት እርከኖች በአራተኛው ወይም ከዚያ በላይ እንዲሆን ሲሆን፣ ይህም ከመቶ ተፈታኞች 23ቱን ያህል እንደ መብለጥ ነው። ስለዚህ ታላቁ ልጅ በሒሳብና በንባብ ከክፍሉ በታች ባለ መጽሐፍ የሚማር ከሆነ ከፈተናው በፊት ያሉትን ሁለት ወራት ላልደረሰባቸው ርዕሶች ያውሉለት። ታሪክና ሳይንስ በጋራ መሰጠታቸው በዚህ ላይ ብዙም ጫና አያመጣም።

8. መለያየት ሲገባቸው

በጋራ የተጀመረ ትምህርት በጋራ ማለቅ የለበትም። ታላቁ በጋራው ሰዓት ሌላ መጽሐፍ ደብቆ ማንበብ ሲጀምር፣ ወይም ታናሹ መልሶ እንዲናገር ሲጠየቅ በየቀኑ ዝም ሲል፣ ያንን አንድ ትምህርት ለይተው ሌሎቹን እንዳሉ ይቀጥሉ። ሁሉንም በአንድ ጊዜ ማፍረስ አያስፈልግም።

9ኛ ክፍል ግን ቁርጥ ያለ ወሰን ነው። ከዚያ ጀምሮ ያለው ትምህርት ለኮሌጅ በሚቀርበው ትራንስክሪፕት ላይ በክሬዲት ስለሚጻፍ የልጁ ሥራ በሁለተኛ ደረጃ ልክ መሆን አለበት። በተለምዶ አንድ ክሬዲት 120 ሰዓት ያህል ትምህርት ተደርጎ ይቆጠራል፤ ባዮሎጂና ኬሚስትሪም ቤተ ሙከራ ይጠይቃሉ። ሳይንሱና ሒሳቡ ሙሉ በሙሉ ይለይ። ታሪክ ግን አሁንም በአንድ ዘመን ላይ ሊቆይ ይችላል፦ ታላቁ ከቤተሰቡ ጋር ንባቡን ሰምቶ፣ ለብቻው ደግሞ የዘመኑን ሰነዶች አንብቦ ረዘም ያለ ጽሑፍ ይጽፋል፤ የሰማበትም ያነበበበትም ሰዓት በቀን በቀኑ ይመዝገብለት፣ በዓመቱ መጨረሻ ከትዝታ ሰዓት መቁጠር አይቻልምና።

ታላቁ ከቡድኑ ሲወጣ የጋራው ደረጃ እንደገና ይመረጣል፤ አሁን መለኪያው ቀድሞ መካከለኛ የነበረው ልጅ ይሆናል። የመምህር መጽሐፉንና የዙሩን የንባብ መጻሕፍት አይሽጧቸው፤ በአራት ዓመት ውስጥ ዙሩ ሲመለስ ታናሿ በታላቅ ወንድሟ ዕድሜ ሆና ትጠብቃቸዋለች። የተጻፈባቸው ወርክቡኮች ብቻ አዲስ ይገዙ።